መብትን ከመዝገብ ማጥናት ምንድን ነው?

መብትን ከመዝገብ ማጥናት ማለት የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ በቃል ከመያዝ አልፎ፣ ያ አንቀጽ በእውነተኛ ክርክር ውስጥ ለማን እንደ ደረሰና የት ላይ እንደ ቆመ በመዝገብ ላይ ከሰፈረው የውሳኔ ሐተታ መከታተል ነው። አጥኚው ፍሬ ነገሩን (ምን እንደ ተፈጸመ)፣ ጭብጡን (ሊወሰን የሚገባውን ጥያቄ) እና የውሳኔውን ምክንያት ለይቶ ያወጣል፤ ይበልጥ የሚጠቅመው ምክንያቱ ነው፤ ለቀጣዩ ጉዳይ የሚተርፈው እርሱ ነውና።

በአገራችን የሚነበበው ውሳኔ ከሁለት ቦታ ይመጣል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 83 መሠረት የሕገ መንግሥት ክርክርን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲሆን፣ 11 አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ ጉዳዩን አስቀድሞ ይመረምራል። ምክር ቤቱ በ1995 ዓ.ም. በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የምርጫ ጉዳይ፣ እጩ ተወዳዳሪ የክልሉን የሥራ ቋንቋ እንዲያውቅ መጠየቅ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይጋጭ፣ ይህንኑ የሥራ ቋንቋ አማርኛን የሚያውቅ ሰው ግን የአካባቢውን ብሔረሰብ ቋንቋ አታውቅም ተብሎ ሊታገድ እንደማይገባ ወስኗል። የመመረጥ መብትና ገደቡ በአንድ ውሳኔ ጎን ለጎን ስለሚታዩበት ጀማሪ ሁለት ጊዜ ሊያነበው ይገባል እላለሁ።

ሁለተኛው ምንጭ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት፣ ማለትም በመጨረሻ ውሳኔዎች ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖሩን የሚመረምረው ችሎት ነው። በ2000 ዓ.ም. የተወሰነው መዝገብ ቁጥር 23632 የመጣው ያኔ ዋና ከተማው ሐዋሳ ከነበረው የደቡብ ክልል በመሆኑ ለእኛ ቅርብ ነው። እናቱ የሞተችበትን ሕፃን አክስቱ አሳደገችው፤ አባት ከዓመታት በኋላ ሞግዚትነቱ ለእኔ ይገባል ብሎ ጠየቀ። የክልሉ ፍርድ ቤቶች የቤተሰብ ሕጉን ቃል ይዘው ለአባት ሲፈርዱ፣ ሰበር ችሎቱ ስለ ሕፃናት መብት የሚናገረውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 አንሥቶ ሕፃናትን በሚመለከት ውሳኔ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት መቅደም አለበት በማለት ፍርዱን ሻረው።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ይህን መዝገብ አብራኝ ያነበበች የሕግ ተማሪ፣ በኮፒው ጠርዝ ላይ በእርሳስ «ታዲያ የአባት መብት የት ገባ?» ብላ ጻፈች። ጥያቄዋ ትክክለኛ ነበር፤ የተሸናፊውን ክርክር በቁም ነገር ያልመዘነ ሰው ውሳኔውን አላነበበውም። ተመልሰን አንቀጹን ስንገልጥ፣ የወላጅን እንክብካቤ ማግኘት የተጻፈው በሕፃኑ መብቶች ዝርዝር ውስጥ ነው። ተማሪዋ ይህን ካየች በኋላ ከጥያቄዋ በታች «የመብቱ ባለቤት ሕፃኑ» ብላ አሰመረችበት።