በባች ፋይል የይለፍ ቃል ማስቀመጥና መፈተሽ፦ ከወሎ የጽሕፈት ቤቶች አንጻር

ባች ፋይል ኮምፒውተር ከላይ ወደ ታች ተራ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች የሰፈሩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። በኖትፓድ ይጻፋል፤ ስሙ መጨረሻ ላይ ነጥብና «ባት» የሚል ቅጥያ ይገባለታል፤ ሁለት ጊዜ ሲጫኑት ጥቁር መስኮት ከፍቶ ሥራውን ይጀምራል። የመጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ከወጣው፣ በተጻፈ ትእዛዝ ከሚሠራው የድሮ የኮምፒውተር ሥርዓት ከዶስ ሲሆን ዛሬም በዊንዶውስ ውስጥ አለ። ለመጻፍ ምንም የሚገዛም የሚጫንም ነገር አያስፈልግም፤ ብዙ ሰው ፕሮግራም መጻፍን የሚሞክርበት የመጀመሪያ ነገር የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሦስት ሰው ይፈራረቃል። ጠዋት ማመልከቻ ይተየብበታል፣ ከሰዓት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ይመጣል፣ ማታ የቤቱ ልጅ ፊልም ያይበታል። የአንዱ ደንበኛ ሰነድ በሌላው እንዳይከፈት የሚሰጋ ሠራተኛ ፎልደሩን የሚሸሽግና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ባች ፋይል ለመጻፍ መሞከሩ አይቀርም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቃሉ «ሴት» በሚባለው ትእዛዝ በስም ይቀመጣል (በፊደላችን ሲጻፍ ሌላ ትርጉም መያዙ ጀማሪን ያስቃል)። ያው ትእዛዝ «ፒ» የሚል ምልክት ሲታከልበት ደግሞ ተጠቃሚው እስኪጽፍ ይጠብቅና የጻፈውን በሌላ ስም ይይዛል። ከዚያ «ኢፍ» ሁለቱን ያነጻጽራል። ከተመሳሰሉ «አትሪብ» የተባለው ትእዛዝ የተሸሸገውን ፎልደር ያሳያል፤ ካልተመሳሰሉ መስኮቱ ይዘጋል። በድሮው ዶስ ቃል ተቀብሎ የሚይዝ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1993 ከዶስ 6 ጋር የመጣው «ቾይስ» የሚቀበለው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው።

ማነጻጸሩ ምሕረት የለውም። ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል ለእርሱ የተለያዩ ናቸው፤ ልዩነቱን እንዲተው ከተፈለገ በግልጽ መታዘዝ አለበት። በአገራችን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ጥቁሩ መስኮት የግዕዝ ፊደልን ብዙ ጊዜ በባዶ ሳጥን ስለሚያሳይ ሰው የይለፍ ቃሉን በላቲን ይጽፋል፣ የሚመርጠውም የሚያውቀውን የቦታ ስም ነው። ደሴን አንዱ በአንድ «ኤስ» ሌላው በሁለት ይጽፈዋል፤ ኮምቦልቻም እንደ ጸሐፊው ይለያያል። ጠዋት ቃሉን ያወጣው ሠራተኛና ከሰዓት የሚተካው ባልደረባው አንድ ከተማ እያሰቡ ሁለት ቃል ይጽፋሉ። በግዕዝ ቢጻፍም ችግሩ አይቀርም፤ ሐይቅና ሃይቅ ለአንባቢ አንድ ከተማ፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ቃል ናቸው።

ከሁሉ የሚያደክመው የማይታየው ስሕተት ነው። ደሴ ውስጥ አንድ ወጣት የቶሳን ተራራ ስም በአራት የላቲን ፊደላት የይለፍ ቃል አድርጎ ሲያበቃ ፋይሉ አልቀበል ብሎት አንድ ሰዓት ያህል ሲታገል አይቻለሁ። መስመሩን ደጋግሞ አነበበ፣ ፊደሎቹ ትክክል ናቸው። በመጨረሻ ጠቋሚውን ወደ መስመሩ ጫፍ ሲወስደው ከመጨረሻዋ ፊደል አንድ እርምጃ አልፎ ቆመ። ባዶ ቦታ ነበር። «ሴት» ከእኩል ምልክቱ በኋላ ያለውን ሁሉ፣ ባዶ ቦታውንም ጭምር፣ የቃሉ አካል አድርጎ ይይዘዋል። መፍትሔው ስሙንና ቃሉን አንድ ላይ በጥቅስ ምልክት ማጠር ነው።

ቀዳዳዎቹም የዚያኑ ያህል ናቸው። ተጠቃሚው ምንም ሳይጽፍ ኢንተር ቢጫን «ሴት» ቀድሞ የተያዘውን አይነካም። ስለዚህ በዚያው መስኮት ውስጥ ቀደም ሲል ትክክለኛው ቃል ከገባ ቀጣዩ ሰው ባዶ እጁን ያልፋል። ስሙን ከጥያቄው በፊት ባዶ ማድረግ ይህን ይዘጋል። የጥቅስ ምልክትና የ«እና» ምልክት (&) እየቀላቀለ የሚጽፍ ተንኮለኛ ደግሞ የጻፈው እንደ ትእዛዝ እንዲፈጸም ሊያደርግ ይችላል። የሚጻፈው ቃል በስክሪኑ ላይ ፊደል በፊደል መታየቱም ወረፋ በቆመበት ቤት ቀላል ነገር አይደለም። ባች ብቻውን ፊደሉን በኮከብ አይሸፍንም፤ የሚሸፍነው ፓወርሼል የተባለውን ሌላ የዊንዶውስ የትእዛዝ መሣሪያ ከውስጥ በመጥራት ነው።

ዋናው ድክመት ግን ሌላ ነው። ቃሉ ያለው እዚያው ፋይሉ ውስጥ ነው፤ በቀኝ ጠቅታ «ኤዲት» ያለ ሁሉ ያነበዋል። ቁልፉን ጉበን ላይ አስቀምጦ እንደ መሄድ ነው፦ የመንደሩ ሰው የመጀመሪያ የሚዳስሰው እዚያው ነው። በዚህ የተሞኘው ጀማሪ ብቻም አይደለም። በአሜሪካ ኤምአይቲ በተባለው ዩኒቨርሲቲ በነበረው ሲቲኤስኤስ በተባለው የጋራ ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ1966 የይለፍ ቃሎቹ ፋይልና የዕለቱ መልእክት ፋይል በስሕተት ተለዋውጠው፣ የሚገባው ሁሉ የሌሎችን ቃል በስክሪኑ ላይ አንብቧል። የኮምፒውተር ሊቃውንቱ ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ ዩኒክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የሚጠቀምበትን ዘዴ አብራርተዋል፦ ቃሉን ሳይሆን ወደ ኋላ የማይመለስ ውጤቱን ማስቀመጥ፣ ውጤቱም ከሰው ሰው እንዲለያይ «ጨው» የሚሉትን የዘፈቀደ ቁጥር መቀላቀል።

ባችም ይህን በመጠኑ ይሞክራል። «ሰርትዩቲል» የተባለው የዊንዶውስ መሣሪያ የአንድን ፋይል ሻ 256 የተባለ ወደ ኋላ የማይመለስ ውጤት በ64 ምልክቶች ይሰጣል። ነገር ግን የሚያሰላው ከፋይል ስለሆነ የተጻፈው ቃል መጀመሪያ በጊዜያዊ ፋይል ላይ መስፈር አለበት። መብራት በዚያች ቅጽበት ከጠፋ ቃሉ ዲስኩ ላይ እርቃኑን ይቀራል። ፎልደሩ ተከፍቶ ሳለ ቢጠፋም እንዲሁ ነው፤ መልሶ የሚሸሽገው መስመር ሳይደርስ ኮምፒውተሩ ይወድቃል፣ መብራቱ ሲመለስ ፎልደሩ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ቃሉ አራት አኃዝ ከሆነ ደግሞ 10,000 አማራጭ ብቻ ስላለው ለኮምፒውተር የአፍታ ሥራ ነው። ከዚህም ሁሉ በፊት ፋይሉን ማረም የሚችል ሰው የ«ኢፍ»ን መስመር ሰርዞ ማለፍ ይችላል። የተሸሸገውን ፎልደርም የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ቅንብር በማብራት ብቻ ያገኘዋል።

እንዲህ ያለው ፋይል ልጆችንና ወሬ ወዳድ ጎረቤትን ይመልሳል፤ ከዚያ በላይ የሚጠየቅ አይደለም። እውነተኛ ምስጢር ለሚይዝ ሰው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የተለየ የዊንዶውስ መግቢያ መክፈት፣ ወይም ፎልደሩን ፋይል በሚያሽገው በሰቨን ዚፕ ፕሮግራም፣ ኤኢኤስ 256 በተባለው የምስጠራ ዘዴ መቆለፍ ይሻላል። በሰቨን ዚፕ የታሸገን ሰነድ መስመር ሰርዞ መክፈት አይቻልም፤ ቃሉን የረሳም ሰው ከባዕድ እኩል ውጭ ይቀራል። ከላይ ያነሣሁት ወጣትም ዛሬ የተማሪዎቹን ጽሑፍ የሚያስቀምጠው እንዲህ ነው። ባች ፋይሉ አሁንም ዴስክቶፑ ላይ አለ፤ ማታ ማታ የቀኑን ሥራ ወደ ፍላሽ ይገለብጥለታል፣ የይለፍ ቃል ግን አይጠይቅም።