የዓመት የቤት ጥገና ዕቅድ ምንድን ነው?

ነሐሴ ሲጋመስ ቀለም ቀቢ ማግኘት ይከብዳል። ዘመን መለወጫን በደበዘዘ ግድግዳ መቀበል የሚወድ ስለሌለ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣል። መጋረጃው ይወርዳል፣ ሶፋው ወደ መሐል ይሰበሰባል፣ ቀለሙ ተደራርቦ ይቀባና ሳሎኑ ለእንቁጣጣሽ አምሮ ይውላል። ጥቅምት ሲገባ ግን በውጭው ግድግዳ በኩል፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቀለሙ ይነፋፋል። ሲነኩት ይላጣል፤ ከሥሩም ነጭ ዱቄት ይራገፋል። ብዙ ሰው ቀለሙን ወይም ቀቢውን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን የተቀባበት ጊዜ ነው። ግድግዳው ሐምሌንና ነሐሴን ውሃ ሲጠጣ ከርሟል፤ ቀለም ሲመረግበት እርጥበቱ መውጫ ያጣና ቀለሙን ገፍቶ ይወጣል። ነጩ ዱቄትም ውሃው ከግንቡና ከሲሚንቶው አሟምቶ ያወጣው ጨው ነው።

የዓመት የቤት ጥገና ዕቅድ እንዲህ ያለውን ብክነት ያስቀራል። የቤቱ እያንዳንዱ ክፍል መቼ እንደሚመረመር፣ መቼ እንደሚጠገን፣ ማን እንደሚሠራውና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ወስኖ በጽሑፍ መያዝ ማለት ነው። የተበላሹ ነገሮች ዝርዝር ብቻውን ዕቅድ አይባልም። ተጨማሪ ክፍል መሥራት ወይም ደህናውን ሴራሚክ ነቅሎ በአዲስ መተካትም ከዚህ አይቆጠርም። ዓላማው ያለው ቤት ደህና ሆኖ እንዲቆይ ነው፤ ለዚህም ከሁሉ በላይ ወሳኞቹ ወቅትና ቅደም ተከተል ናቸው ብዬ አምናለሁ።

በወቅቱ በኩል የዘመን አቆጣጠራችን ያግዘናል። በመካከለኛውና በሰሜኑ ደጋ ለሚኖር ሰው አዲሱ ዓመት የሚብተው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ቤቱ የዓመቱን ከባድ ፈተና ጨርሶ ድካሙ ሁሉ በግልጽ ይታያል። ስለዚህ መስከረም የመመርመሪያ ወር ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ጊዜ የሥራ ነው፤ ግንቦት ደግሞ አሸንዳ መጥረጊያና ቦይ መክፈቻ። ከየካቲት ጀምሮ የበልግ ዝናብ ሊመጣ ስለሚችል የጣሪያ ሥራ ከጥር ባያልፍ ይመረጣል። ቦረና ወይም በአብዛኛው የሶማሌ ክልል ላለ ሰው ግን ይህ አይሠራም። እዚያ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ስለሚዘንብ ዕቅዱ በዚያው መጠን ይለወጣል።

ምርመራው ከኮርኒሱ ይጀምር። ቡናማ የውሃ ምልክት ካለ በቀለም ከመሸፈን ይልቅ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሩበት፣ ቀኑንም ጻፉ። ከሚቀጥለው ዝናብ በኋላ ምልክቱ ከመስመሩ አልፎ ከሰፋ ጣሪያው ማፍሰሱን አላቆመም። ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ ከምልክቱ በላይ በትክክል አይገኝም፤ ውሃው በቆርቆሮው ይገባና እንጨቱን ተከትሎ ሄዶ ሌላ ቦታ ይንጠባጠባል። ፀሐይ በደመቀ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ጣሪያው ሥር ገብታችሁ መብራቱን አጥፍታችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ። የብርሃን ነጥብ የሚታይበት ቦታ ቀዳዳ አለ። ብዙዎቹ ቀዳዳዎች የሚስማር ናቸው። ቆርቆሮ ቀን በሙቀት ይለጠጣል፣ ሌሊት በብርድ ይኮማተራል፤ ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ሚስማሩ ይላላል፣ ከራሱ ሥር ያለው ጎማም ደርቆ ይሰነጠቃል። ሚስማሩ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ሳይሆን ውሃ በሚወርድበት ረባዳ ላይ ተመትቶ ከሆነ ደግሞ ውሃው ሳያቋርጥ ያገኘዋል። እንዲህ ሲሆን ጣሪያውን በሙሉ መለወጥ ላያስፈልግ ይችላል፤ የላሉትን ሚስማሮች ነቅሎ ጎማ ባላቸው ረዘም ያሉ ሚስማሮች መተካት ይበቃ ይሆናል። ልዩነቱ በገንዘብ ሲታሰብ እጅግ ሰፊ ነው።

በቅደም ተከተሉ ውሃ ይቀድማል፤ ጣሪያ፣ አሸንዳ፣ የአሸንዳውን ውሃ ከግድግዳው የሚያርቀው ቦይ፣ ቧንቧና ፍሳሽ። ጣሪያው ሳይደፈን ኮርኒስ የሚቀይር፣ ቦዩ ሳይስተካከል ግድግዳ የሚያስለስን ሰው ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ቀጥሎ ኤሌክትሪክ ነው። የሚሞቅ ሶኬት ወይም ደጋግሞ የሚወርድ ብሬከር ተራውን መጠበቅ የለበትም። ብሬከሩን በትልቅ መቀየር በጣም የተለመደ ነው፤ በጣም አደገኛም ነው። ሽቦው ያው ቀጭን ሽቦ ሆኖ ሳለ የሚጠብቀው ስለሚጠፋ ግድግዳው ውስጥ እየጋለ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የሚያውቅ ባለሙያ ይጠራ። በርና መስኮት፣ ዝገት የጀመረው ብረት ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

ቀለም መጨረሻ ነው። ግድግዳው መድረቁን ለማወቅ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። አንድ ቁራጭ ላስቲክ በግድግዳው ላይ አራቱንም ጎን በፕላስተር አሽጎ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን መተው ነው። በላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጤዛ ከታየ ግድግዳው ገና እርጥበት እያወጣ ነው፤ መጠበቅ ይሻላል። ለበዓሉ ቤቱ እንዲያምር የሚፈልግ ሰው ዝናብ የማይነካቸውን የመሐል ግድግዳዎችና የውስጥ በሮች ቀብቶ የውጭውን ለኅዳር ቢያቆየው ምንም አይጎድልበትም። የጭቃ ቤትም እንዲሁ ነው። የክረምቱ ፍንጣቂ ከግርጌ የሸረሸረው ምርጊት በደረቁ ወራት ይጠገናል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት መብላላት ስለሚገባው ለበዓል ዋዜማ የሚደርስ ሥራ አይደለም። በዚያው አጋጣሚ የግድግዳውን እንጨት ግርጌ በጩቤ ወጋ ወጋ ማድረግ ይገባል፤ ጩቤው በቀላሉ ከገባ ምስጥ ወይም ብስባሽ ቀድሞ ገብቷል።

ስለ ገንዘቡ፣ አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን በየዓመቱ ከቤቱ ዋጋ 1 በመቶ ለጥገና ያዙ የሚለውን ምክር ያውቁታል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ስሌት ያሳስታል፤ ከዋጋው ብዙውን የሚይዘው ቦታው ነው፣ ቦታ ደግሞ አይጠገንም። የሚሻለው ከመስከረሙ ምርመራ ተነሥቶ ለእያንዳንዱ ሥራ የዕቃውንና የእጅ ዋጋውን ለየብቻ ማስገመት፣ ድምሩን በወራት አካፍሎ ማስቀመጥ፣ ላልታሰበም ጥቂት መጨመር ነው። ክረምት ሲወጣ ግንባታ ሁሉ ስለሚጀመር ጥሩ ባለሙያ ቶሎ ይያዛል። ቀጠሮ በመስከረም መያዝ ይበጃል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ዕቅዱን ለሁለት መክፈል አለበት። በቤቱ ውስጥ ያለው የራሱ ነው። ጣሪያው፣ ደረጃው፣ የጋራ ፍሳሽ ማስወገጃው ግን በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሁሉም የጋራ ንብረት ነው፤ ጥገናውም በቤት ባለቤቶች ማኅበር በኩል ይሠራል። ጣሪያው ሲያፈስ የሚንጠባጠበው የመጨረሻው ፎቅ ነዋሪ ላይ ስለሆነ የታችኞቹ ጉዳዩን ያቆዩታል፤ ወጪው ግን የሁሉም ነው። ስለዚህ የላይኛው ነዋሪ ምልክቱን ፎቶ አንሥቶ፣ የባለሙያ ግምት ይዞ፣ መዋጮው ተሰብስቦ ሥራው ከበልግ ዝናብ በፊት እንዲያልቅ ጉዳዩን በጥቅምት ስብሰባ ላይ ያቅርብ።