የመጀመሪያዋ ፕላኔት ለምን «ቢ» ትባላለች?

ከፀሐይ ውጭ ያሉ ከዋክብትን የሚዞሩ ፕላኔቶች ስም ብዙ ሰው ግራ ያጋባል። 55 ካንክሪ የሚባለውን ኮከብ እንውሰድ። ከእኛ 41 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። የታወቁት ፕላኔቶቹ አምስት ናቸው። ከኮከቡ ጀምረን ወደ ውጭ ስንቆጥራቸው ግን ኢ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ዲ ይሆናሉ። «ኤ» የምትባል ጭራሽ የለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ኤ» ለራሱ ለኮከቡ የተተወች ፊደል ናት። ስለዚህ መጀመሪያ የተገኘችው ፕላኔት «ቢ» ትባላለች፣ ቀጥሎ የተገኘችው «ሲ»። ፊደሉ የሚነግረን የግኝቱን ተራ እንጂ ርቀቱን አይደለም። 55 ካንክሪ ቢ በ1996 እ.ኤ.አ. ተገኘች። ኢ ደግሞ በ2004 ነው የታወቀችው፤ ሆኖም ለኮከቡ ከሁሉም የቀረበችው እሷ ናት። አንድ ዙር ለመጨረስ 18 ሰዓት እንኳ አይፈጅባትም! በአንድ ጊዜ የተገኙ ከሆነ ግን ፊደሉ ከቅርቧ ይጀምራል።

ከፊደሉ ሌላ መጠሪያ ያገኙም አሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች ስም እንዲያወጡ ዕድል ሰጥቶ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሳት ኤችዲ 16175 የተባለው ኮከብ ነው። ኮከቡ «ቡና» ተባለ። ፕላኔቷ ኤችዲ 16175 ቢ ደግሞ «አቦል»። ለመጀመሪያዋ ፕላኔት ከዚህ የተሻለ ስም የሚገኝ አይመስለኝም።