ስለ ተቃዋሚ ፖለቲከኞች ጽናት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ የተቃዋሚዎች ጥምረት የነበረው ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከነበሩት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። ምርጫው በተካሄደ በስድስተኛው ወር ግን የፓርቲው መሪዎች ከተማዋን ሳይረከቡ ወህኒ ወርደው ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የተቃዋሚ ፖለቲከኞች ጽናት ሲነሣ ማን ጸና፣ ማን ተንበረከከ፣ ማን ተሸጠ የሚለው ክርክር ከቤት እስከ ማኅበራዊ መገናኛ ሳይቋረጥ ቀጥሏል። በዚህ ክርክር ውስጥ ተደጋግመው ስለተነገሩ ብቻ እውነት የመሰሉ አስተሳሰቦች አሉ። ከፊሎቹ ለአገር ዕድሜያቸውን የሰጡ ሰዎችን ያለ አግባብ የሚያዋርዱ ስለሆኑ በዝምታ ሊታለፉ አይገባም።

«ጽናት የሚለካው በእስር ዘመን ርዝመት ነው»

እስር በሰው ላይ የሚፈጸም ነገር ነው፤ ጽናት ግን ሰውዬው ራሱ የሚሠራው ነው። የሁለቱ መምታታት ያልታሰረውን ሁሉ አድርባይ፣ የታሰረውን ሁሉ ደግሞ ጀግና ያሰኛል። በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ከ547 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱን በዚያን ጊዜ ገዢ የነበረው ኢሕአዴግና አጋሮቹ ሲወስዱ፣ አንድ የግል ተወዳዳሪና መድረክ የተባለው የተቃዋሚዎች ጥምረት አንድ ዕጩ ብቻ አለፉ። የመድረኩ ተመራጭ አቶ ግርማ ሰይፉ ነበሩ። አምስት ዓመት ሙሉ ውጤቱ አስቀድሞ በታወቀ ድምፅ አሰጣጥ ውስጥ እጃቸውን ለተቃውሞ እያነሡ፣ በጀትና አዋጅ ሲቀርብ እያነበቡና እየጠየቁ ቆዩ። የዜና ዘገባዎች «በአንድ ተቃውሞ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» ሲሉ ያ አንዱ ተቃውሞ የእርሳቸው ነበር። ይህ የወህኒ ታሪክ አይደለም፤ ሆኖም ማንም እንደማይከተለው እያወቀ በየስብሰባው ተዘጋጅቶ የሚገባ ሰው ጽናት ከሌላው ያነሰ ነው ለማለት የሚያስችል ምክንያት አይታየኝም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው ሌላው ስሕተት ረጅም ዘመን የታሰረ ሰው በዚያ ብቻ መሪነት ይገባዋል የሚለው ነው። አቶ አንዱዓለም አራጌ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ታስረው በዚያው ዓመት ሐምሌ በፀረ ሽብር ሕጉ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ የተፈቱትም በየካቲት 2010 ዓ.ም. ነው። ከእስር በኋላ ወደ ፓርቲ ሥራ ተመልሰው ኢዜማ (የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ ፓርቲ) ሲመሠረት የምክትል መሪነቱን ኃላፊነት ያዙ፤ በ2014 ዓ.ም. በጉባኤ ለመሪነት ተወዳድረውም ተሸነፉ። ያሳለፉትን የእስር ዘመን እንደ ብድር አድርገው ጉባኤውን ክፈሉኝ አላሉም፤ እንደ ማንኛውም አባል ለድምፅ ቀረቡ።

«ይቅርታ የጠየቀ ተንበርክኳል»

ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የቅንጅት መሪዎች በሐምሌ 1999 ዓ.ም. የዕድሜ ልክ እስራት ከተፈረደባቸው ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ሐምሌ 13 ቀን፣ 38 እስረኞች በይቅርታ ተፈቱ። በመሐል ገብተው መንግሥትንና እስረኞቹን ሲያነጋግሩ የቆዩት በፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ የሚመሩ ሽማግሌዎች ነበሩ። መሪዎቹ የፈረሙበት ሰነድ ይፋ ሲሆን ከደጋፊዎቻቸው መካከል ብዙዎች አዘኑ፤ አንዳንዶችም ጨርሰው ተስፋ ቆረጡ። ሐዘናቸው ይገባኛል። በምርጫው ማግስት በነበሩት ሁለት የሁከት ወቅቶች መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አባላት እንደመዘገቡት 193 ሲቪል ሰዎች ተገድለዋልና፣ «ጥፋቱ የማን ሆኖ ነው ይቅርታ የሚጠይቁት?» የሚለው ጥያቄ ከባዶ የመጣ አልነበረም።

ነገር ግን ፊርማው ምን እንዳስከተለ ሳይመረምሩ መፍረድ ተገቢ አይደለም። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ከፈረሙት አንዷ ነበሩ። ከእስር ወጥተው አንድነት ለዴሞክራሲና ለፍትሕ ፓርቲን በሊቀመንበርነት መምራት ጀመሩ። በ2001 ዓ.ም. ወደ ስዊድን ተጉዘው በነበረበት ጊዜ ይቅርታው እንዴት እንደተገኘ የሰጡት ማብራሪያ መንግሥትን አስቆጣ። ፖሊስ ጠርቶ ንግግራቸውን በሦስት ቀን ውስጥ እንዲያስተባብሉ አሳሰባቸው። እርሳቸው ግን «ቃሌ» በሚል ርእስ ለሕዝብ ባቀረቡት ጽሑፍ ሽማግሌዎቹ በመሐል ገብተው የነበረውን ሂደት እንደሚያውቁት አስረዱ፤ መፈረማቸውንም አልካዱም። በታኅሣሥ ወር ተይዘው የቀድሞው የዕድሜ ልክ ፍርድ ተመለሰባቸው፤ ለወራትም ከሌሎች እስረኞች ተለይተው ለብቻቸው ተዘጉ። ሊጠይቋቸው የተፈቀደላቸው እናታቸውና ትንሽ ልጃቸው ነበሩ።

እዚህ ላይ ፊርማውን ከቃሉ ለይቶ ማየት ይገባል። ሴትዮዋ ነጻ ለመሆን የሚያስፈልጋቸው አንድ አረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ ያንን አረፍተ ነገር እውነት ነው ብለው ስላላመኑበት አልተናገሩትም። መስከረም 26 ቀን 2003 ዓ.ም. የተፈቱት ዳግመኛ በይቅርታ ነው። ይህን ሁለተኛውን ይቅርታ ብቻ ነጥለው የሚያነሡ ሰዎች በሁለቱ ይቅርታዎች መካከል ዳግመኛ የታሰሩበትን ሃያ አንድ ወር ይዘልሉታል። የታሰረ ሰው፣ ልጁ ውጭ እያደገች፣ በምን ሰዓት ምን መፈረም እንዳለበት ከውጭ ሆኖ መወሰን ለማንም አይከብድም፤ በዚያ ክፍል ለነበረው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

በነገራችን ላይ ጽናቱ በፖለቲካ አልተጀመረም። ወይዘሪት ብርቱካን የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳሉ በሙስና ተጠርጥረው የቀረቡትን የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ወዲያው እንደገና ተያዙ፤ ሕጉም በሙስና ለተጠረጠሩ ዋስትና በሚከለክል መንገድ ተለወጠ። ዓመታት አልፈው አቶ ስዬ ራሳቸው ተቃዋሚ ሆነው አንድነት ፓርቲን ሲቀላቀሉ፣ ሊቀመንበሯ በዚያን ጊዜ ወህኒ ነበሩ።

«ጽናት የፖለቲከኛው የብቻው ነው»

ቃሊቲ የታሰረ ብዙ ሰው በየዕለቱ የሚበላው ከቤት በሚመላለስ ስንቅ ነው። እናት ወይም ሚስት በሌሊት ተነሥታ ታበስላለች፣ ሳህኑን በፌስታል ቋጥራ በታክሲ ትጓዛለች፣ በር ላይ ተሰልፋ ትፈተሻለች፣ ትመለሳለች፤ በማግሥቱም ያንኑ ትደግመዋለች። ባል ወይም ወንድም ሲታሰር ሥራውን የሚያጣ፣ የቤት ኪራይ የሚከለከል፣ ጎረቤት የሚሸሸው ቤተሰቡ ነው። የዚህ ሁሉ ስም በየትኛውም የፓርቲ መግለጫ አይወጣም። ፖለቲከኛው አልተበገረም በሚባልበት ጊዜ ስንቁን ያቀበለችው ሴት አልተበገረችም ማለትም ነው።

«መንግሥት ሲለወጥ የተቃዋሚው መከራ ያበቃል»

ፕሮፌሰር መረራ ጉዲና በደርግ ዘመን ሰባት ዓመት ታስረዋል። ደርግ ከወደቀ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2009 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ ፓርላማ ተናግረው ሲመለሱ አስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ተላልፈዋል ተብለው እንደገና ታሰሩ፤ በጥር 2010 ዓ.ም. ተፈቱ። የትግል ባልደረባቸው አቶ በቀለ ገርባ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. በኢሕአዴግ ዘመን፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ለውጥ መጥቷል ከተባለ በኋላ ታስረዋል፤ የመጨረሻው እስር ያበቃው በ2014 ዓ.ም. በገና ሰሞን ነው። በለውጡ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ እስረኞች መፈታታቸው ታላቅ ነገር ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት በያዙት ልማድ ከቀጠሉ ተቃዋሚው የሚጠብቀው ያንኑ በር ነው።

«ፓርቲዎቹን ያፈረሳቸው ጭቆና ብቻ ነው»፣ ወይም በተቃራኒው «ያፈረሳቸው የራሳቸው ጠብ ነው»

ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው፤ ተለያይተው ሲነገሩ ግን ያሳስታሉ። ቅንጅት ከእስር መልስ በመሪዎቹ መካከል በተነሣ ቅራኔ መከፋፈሉ እውነት ነው፤ ለዚህ መንግሥትን ብቻ መክሰስ መሪዎቹን ከተጠያቂነት ማዳን ይሆናል። በዚሁ ጊዜ የምርጫ ቦርድ የቅንጅትን ስም ከዋነኞቹ መሪዎች ውጭ ለሆነ ቡድን መስጠቱም እውነት ነው። ይኸው በጥር 2007 ዓ.ም. ተደገመ፤ ምርጫው አራት ወር ሲቀረው ቦርዱ በአንድነት እና በመኢአድ (የመላው ኢትዮጵያ አንድነት ድርጅት) ውስጥ ለተነሡት ክፍፍሎች በአንዱ ወገን ፈረደና፣ አብዛኞቹ ታጋዮች በአንድ ቀን ፓርቲ አልባ ሆኑ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የውስጥ ስንጥቁን የሚፈጥሩት ተቃዋሚዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ስንጥቁን ወደ መፍረስ የሚያደርሰው ማኅተሙን የያዘው ተቋም ነው። ስለዚህ ለአንድ ፓርቲ ጽናት ማለት መሪዎቹ በእስር አለመሰበራቸው ብቻ ሳይሆን፣ ጉባኤ በወቅቱ መጥራት፣ ቃለ ጉባኤ በአግባቡ መያዝና የተሸነፈው ወገን ሳይወጣ የሚቀመጥበትን ደንብ ማክበር ነው። ይህ ሥራ ጭብጨባ ስለማያስገኝ ብዙ ጊዜ ይናቃል፤ የተናቀበት ፓርቲ ግን በመጀመሪያው ክፍፍል ይጠፋል።

«ሹመት የተቀበለ ተቃዋሚ ተሽጧል»

ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ የኢዜማ፣ የአብን (የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ) እና የኦነግ (የኦሮሞ ነጻነት ግንባር) ሰዎች የሚኒስትርነት ሹመት ተቀበሉ። ይህን የሚቃወሙ ሰዎች ቁም ነገር አላቸው፤ ከመንግሥት ጋር ካቢኔ የሚቀመጥ መሪ የዚያኑ መንግሥት ስሕተት በነጻነት መናገር ይከብደዋል። ግን ሹመትን በጅምላ ክህደት ማድረግ ሌላ ነው። መጠየቅ ያለበት ሰውዬው በወንበሩ ላይ ምን ሠራ የሚለው ነው።

ወይዘሪት ብርቱካን በኅዳር 2011 ዓ.ም. የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ሲሾሙ ቃል የገቡት ለገዢውም ለተቃዋሚውም ወገን ላለመቆም ነበር። በኅዳር 2012 ዓ.ም. የሲዳማን ሕዝበ ውሳኔ፣ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ደግሞ አገር አቀፉን ምርጫ ያካሄደው ቦርዱ ነው። ከምርጫው አስቀድሞ የባልደራስ ፓርቲ መሪ አቶ እስክንድር ነጋና ባልደረቦቻቸው እስር ላይ ሆነው ዕጩ ለመሆን ሲጠይቁ፣ ቦርዱ አልመዘግብም ብሎ ተከራከረ። ይህ አቋም እንደ እርሳቸው ወህኒ ለሚያውቅ ሰው የማይጠበቅ ነበር የሚሉ ሰዎች ወቀሳ አግባብ አለው። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ይመዝገቡ ብሎ ሲወስን ግን ቦርዱ ውሳኔውን ፈጸመ፤ እስረኞቹም ስማቸው በዕጩነት ገባ። በኢትዮጵያ የምርጫ ታሪክ በፍርድ ቤት የተረታ ተቋም የተረታበትን ሲፈጽም ማየት የተለመደ አልነበረም። ሰብሳቢዋ በ2015 ዓ.ም. በጤና ምክንያት ኃላፊነታቸውን በፈቃዳቸው ለቀቁ። ስለ እርሳቸው የቦርድ ዘመን ሊፈርድ የሚፈልግ ሰው ማየት ያለበት እነዚህን ውሳኔዎች አንድ በአንድ ነው፤ ሹመቱን መቀበላቸውን ብቻ ይዞ መፍረድ አይበቃም።