«ማረስ ምን ዕውቀት ይጠይቃል?»፦ ስለ ጎንደር ገበሬ ሥራ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በጎንደር ቅዳሜ ገበያ ጤፍ ሊሸምት የወጣ የከተማ ሰው፣ ዋጋው ሲወደድበት «እሱ ምን አወጣበት? ዝናቡ የእግዜር፣ በሬው የራሱ» ሲል መስማት የተለመደ ነው። «ባላገር» የሚለው ቃልም፣ ትርጉሙ አገር ያለው ማለት ሆኖ ሳለ፣ በከተማ አንደበት መስደቢያ ሆኗል። የገበሬውን ድካም የሚክድ ሰው ጥቂት ነው፤ ሙያውን ግን ቆጥሮለት የሚያውቅ የለም ማለት ይቻላል። ከዚህ በታች የማነሣቸው አመለካከቶች ሁሉ የሚመነጩት ከዚሁ ነው።

«እርሻ ጉልበት ብቻ ነው፤ በሬ ያለው ሁሉ ያርሳል»

ጉልበቱስ እውነት ነው፤ እንዲያውም ከሚታሰበው ይበልጣል። በትልምና በትልም መካከል ሩብ ሜትር ያህል ርቀት ቢኖር፣ አንድ ሄክታር መሬት አንድ ጊዜ አርሶ ለመጨረስ ገበሬው ከበሬዎቹ ኋላ 40 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የጤፍ ማሳ አራትና አምስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይታረሳልና አምስት ጊዜ ብለን ብናሰላው 200 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ከጎንደር ባሕር ዳር ከሚያደርሰው የመኪና መንገድ ይረዝማል። ጉዞው ደግሞ በጓል ላይ፣ በአንድ እጅ እርፍ ጨብጦ፣ በሌላው ጅራፍ ይዞ ነው።

ዳሩ ግን ይህን ያህል መንገድ መሄድ የሚችል ሁሉ ገበሬ አይሆንም። የእኛ ማረሻ አፈሩን ይሰነጥቀዋል እንጂ አይገለብጠውም፤ በሁለት ትልሞች መካከልም ያልተነካ መሬት ትቶ ያልፋል። ስለዚህ የተገመሰው፣ ማለትም አንድ ጊዜ የታረሰው፣ ማሳ ሲደገም፣ ሁለተኛው እርሻ የመጀመሪያውን አቋርጦ መሄድ አለበት። ማሳው ሜዳ ከሆነ ይህ ችግር የለውም። እንደ ወገራና እንደ ጃናሞራ ባለ ተዳፋት አገር ግን፣ ከሁለቱ አንዱ እርሻ ቁልቁል መውረዱ አይቀርም፤ ቁልቁል የወረደ ትልም ደግሞ ጎርፍ ሲመጣ አፈሩን ጠርጎ የሚሄድ ቦይ ነው። ብልህ ገበሬ ቁልቁል የሚሄደውን እርሻ ኃይለኛው ዝናብ ሳይገባ ይጨርስና፣ ዘር የሚገባበትን የመጨረሻውን እርሻ አግድም ያደርገዋል። ጥልቀቱም ቢሆን በግምት አይተውም፤ የመጀመሪያው እርሻ ከላይ ከላይ ይሆንና እየተደገመና እየተሠለሰ ሲሄድ ወደ ታች ይጠልቃል፤ ይህን የሚወስነውም እርፉን የጨበጠው እጅ የሚጫንበት መጠን ነው።

መሣሪያውንም አብዛኛውን የሚሠራው ራሱ ገበሬው ነው። ሞፈሩን፣ ቀንበሩን፣ ድግሩንና እርፉን የሚጠርበው፣ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን እንጨት መርጦ ነው። የብረቱን ክፍል፣ ማለትም ማረሻውንና ወገሉን፣ የሚያወጣው ቀጥቃጩ ነው። በጎንደር ዙሪያ ይህን ሥራ ለብዙ ዘመን ይዘው የኖሩት፣ ርስት ተከልክለው ወደ ብረትና ወደ ሸክላ ሥራ የዞሩት ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ ከከተማዋ አጠገብ ያለችው ወለቃም ስሟ የሚነሣው በዚሁ ነው። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ዘመቻዎችና ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ሄደዋል። በእነሱ እጅ በተሠራ ብረት እያረሰ ያደረ አገር «ቡዳ» እያለ ሲሸሻቸው መኖሩን ሳስብ፣ የእጅ ሥራን መናቅ የከተሜው ብቻ በሽታ እንዳልሆነ አስታውሳለሁ፤ ገበሬውም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደለም።

በሬውስ? ወይፈን ከበረት ወጥቶ ወዲያው አያርስም። ከለመደ በሬ ጋር ተጠምዶ ይገራል፤ በቀኝ የተገራው በግራ ሲጠመድ ያስቸግራል፤ ስሙን ለይቶ ማወቅ፣ ከትልሙ ዳር ሲደርስ መዞርን መልመድ አለበት። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከሌላ አንድ በሬ ካለው ጋር መቀናጆ ይገባል፤ ያን ጊዜ የሁለት ቤት በሬዎችን ፍጥነትና ጠባይ ማስማማት፣ ከዚያም ዝናቡ በጣለ ማግስት ማን ቀድሞ ይረስ በሚለው ላይ ከጎረቤት ጋር ሳይቀያየሙ መግባባት ይጠበቅበታል።

«ዘር መበተን ማንም ይችላል»

አንድ ግራም ጤፍ ውስጥ ወደ 3,000 የሚጠጉ ፍሬዎች አሉ። ለአንድ ሄክታር 30 ኪሎ ግራም ዘር ቢበቃ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው 3 ግራም ብቻ ነው። ይህን የሚያደርሰው ሚዛን የሌለው፣ እየሄደ የሚበትን እጅ ነው፤ እርምጃው ወይም የእፍኙ መጠን ከተለዋወጠ፣ ወይም ነፋሱን ካላየ፣ ማሳው በነሐሴ አንዱ ጎን ተጨናንቆ፣ ሌላው ጎን ሣስቶ ያጋልጠዋል። ጤፍ ጥልቅ ከተቀበረ አይወጣምና መሬቱ አስቀድሞ በከብት ይረገጣል፤ ዘሩ ከላይ ያርፋል። ሽምብራ የሚዘራ ሰው ግን ፍጹም ሌላ ሥራ ይሠራል። በደምቢያ ሜዳ ያለው ዋልካ፣ ማለትም ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ደግሞ ውኃ ቋጥሮ በሬ ያሰጥማል፤ ስለዚህ ገበሬው ክረምቱን አሳልፎ በመስከረም ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል፤ ከዚያ ወዲያ ዝናብ ባይጥልም አዝመራው መሬቱ በያዘው እርጥበት ያድጋል። ጓያው ሌላው ሁሉ ሲከዳ የሚደርስ እህል ቢሆንም፣ ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ሊሽመደመድ እንደሚችል በዚያ አገር የታወቀ ነው፤ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላትም ከዚያው ዕውቀት የመጣ ነው።

«ከአዝመራ በኋላ ሥራ የለውም፤ ቀሪውን በበዓል ይውላል»

በበዓል ማረስ መከልከሉ እውነት ነው። በገጠሩ ልማድ ቅዳሜና እሑድ ሞፈር አይነካም፤ በወር 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔ ዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ ይከበራሉ። እንግዲህ ከሠላሳው ቀን ለማረሻ የሚተርፈው አሥራ ሰባት ወይም አሥራ ስምንት ቀን ቢሆን ነው፤ ከዚያም ላይ መሬቱ ጭቃ የሚሆንበት ቀን ይቀነሳል። ይህን ስንፍና አድርጎ የሚያይ ሰው፣ ማሽላው በሚያዝያና በግንቦት፣ ዳጉሳው በሰኔ፣ ጤፉ በሐምሌ እንዲገባ በእነዚህ ጥቂት ቀናት ውስጥ ሥራውን መደልደል ምን ያህል ሒሳብ እንደሚጠይቅ አላሰበም። ለዚህም ነው ጅጌ የሚጠራው፤ ማሳው በአንድ ሰው ጉልበት በጊዜው ሊደርስ የማይችል ሲሆን፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ በአንድ ቀን ያነሣዋል።

ክረምቱ ካለፈ በኋላም ቢሆን ሥራው መልኩን ይለውጣል እንጂ አይቆምም። ከደጋው ብዙ ሰው በመስከረም መጨረሻ ወደ መተማና ወደ ቋራ ለሰሊጥ አጨዳ ይወርዳል። ሰሊጥ የሚታጨድበት ጊዜ በጣት በሚቆጠሩ ቀናት የታጠረ ነው፤ ቀድሞ ከታጨደ ፍሬው አልሞላም፣ ከዘገየ ቆባው ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። የታጨደው እየታሰረ፣ ሂላ፣ ማለትም ተደጋግፎ ቀጥ ያለ ነዶ፣ ሆኖ ይቆማል፤ ሲደርቅ በሸራ ላይ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። ያ ሰው ወደ ደጋው ሲመለስ የራሱ ጤፍና ገብስ ይጠብቀዋል፦ አጨዳው፣ ክምሩ፣ በእበት የተለቀለቀው አውድማ፣ ውቂያው፣ ከዚያም ነፋስ ጠብቆ ማዝራቱ።

«ሴቶች ስለማያርሱ ገበሬ አይባሉም»

በልማድ እርፍ የሚጨብጠው ወንድ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሴቲቱን «የገበሬ ሚስት» ብቻ ብሎ ማለፍ ግን የሥራውን ግማሽ መሰረዝ ነው። አረሙን ከወንዱ እኩል፣ ብዙ ጊዜም አብልጣ የምታርም እሷ ናት፤ በቆላው ማሽላ ላይ የሚጣበቀውን አቀንጭራ፣ አበባ አውጥቶ ዘሩን ሳይረጭ መንቀል እንዳለበትም ታውቃለች። የዓመቱ እህል የሚቀመጥበትን ጎታ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት ለውሳ፣ ደረጃ በደረጃ እያደረቀች የምትሠራውም እሷ ናት። ነቀዝ የሚፈራውን ማሽላ ለብቻው፣ ነቀዝ የማይደፍረውን ጤፍ ለብቻው፣ የዘሩን ደግሞ ከሚበላው ለይታ ታስቀምጣለች። ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ከምርቷ ግማሹን ለመስጠት የምትገደደው የእርሻ ዕውቀት አጥታ አይደለም፤ ቀንበር መጥመድ ስለተነፈጋት ነው።

«ገበሬ አዲስ ነገር አይቀበልም»

ፎገራን ያየ ሰው ይህን ለመናገር ይቸገራል። በደርግ ዘመን፣ ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች እገዛ፣ ሩዝ በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ሲሞከር፣ አካባቢው ሩዝ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም ነበር። ገበሬው ግን ክረምት ክረምት ውኃ የሚተኛበት ሜዳ በመጨረሻ የሚስማማው እህል እንዳገኘ ተረዳ፤ ሩዙን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ አደረገው፣ ጠላ ጠመቀበት፣ ገለባውን ለከብቱ ሰጠ። ዛሬ ፎገራ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ሩዝ አምራች ከሆኑት ቦታዎች ዋነኛው ነው፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው ወረታ ነው። በአንጻሩ ጤፍን በመስመር መዝራት ሲመከር ብዙዎች ያመነቱበት ምክንያት በቀላሉ የሚገባ ነው፤ ያችን ደቃቅ ፍሬ ሥራ በሚጣደፍበት በሐምሌ በመስመር ማስገባት ስንት ሰው፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ወዲያው አስልተውታል። መካሪው ግን እምቢታቸውን እንጂ ሒሳባቸውን አልመዘገበም።

«ትምህርት ያልሆነለት ይረስ»

ይህን አባባል የምጠላው በራሴ ስለደረሰ ነው። ተማሪ ሳለሁ በአንድ ክረምት ደምቢያ አጎቴ ዘንድ ሄጄ፣ ላግዝ ብዬ እርፍ ጨበጥኩ። የእሳቸው ልጆች ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ጥጃና ከብት ጠብቀው፣ ከዚያ ጓል ከስክሰው፣ ዓመታት ቆይተው ነበር ወደ እርፉ የደረሱት፤ እኔ በአንድ ቀን ልደርስ ፈለግሁ። ከተዳፋቱ ማሳ ዳር ተነሥቼ፣ በሬዎቹን በብዙ ጩኸት እየነዳሁ አንድ ትልም አወጣሁና በኩራት ዞር ብዬ «አያ፣ ቀጥ አላለም?» አልኳቸው። ትልሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከቱት። «ቀጥ ብሏል፣ ልጄ፤ ቀጥ ብሎ ወንዙ ውስጥ ይገባል» አሉኝና እርፉን ተቀብለውኝ በሬዎቹን አግድም አዞሯቸው።