ጉበት ከተቀየረ በኋላ፦ የሚወራውና እውነታው

ጉበት ለማስቀየር ሕንድ የሄደ ዘመድ ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል። «ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ» ሲባል ቤቱ እልል ይላል፣ ከዚያ ስልኩ በምክር ይጨናነቃል። ብዙው ምክር ከቅን ልብ የመጣ ነው፣ ግን የተሳሳተ።

«ከቀዶ ሕክምና ክፍል ከወጣ አለፈለት።» ገና ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደም ሊፈስ፣ ኩላሊት ሊደክም ይችላል። አልፎ አልፎም አዲሱ ጉበት ጭራሽ ሥራ አልጀምር ይላል። ያኔ በቀናት ውስጥ ሌላ ጉበት መገኘት አለበት።

«በየጊዜው አልትራሳውንድ የሚያነሱት ሂሳብ ለመቆለል ነው።» ይሄ ነገር ያናድደኛል። ጉበት ደም የሚያገኘው ከሁለት መስመር ነው፤ አንዱ ከአንጀት የሚመጣው ትልቁ ደም መልስ፣ ሌላው ደም ቅዳ። የተተከለው ጉበት የሐሞት ቱቦዎች ግን የሚኖሩት በደም ቅዳው ብቻ ነው። እሱ ውስጥ ደም ከረጋ ቱቦዎቹ ይበሰብሳሉ፣ ጉበቱም ሊሄድ ይችላል፣ በሽተኛው ደግሞ መጀመሪያ ላይ ምንም ላይሰማው ይችላል። በዶፕለር፣ ማለትም የደም ፍሰትን በሚያሳየው አልትራሳውንድ፣ ቶሎ ከተያዘ የመክፈት ዕድል አለ። ከዘገየ ብዙ ጊዜ ዳግም ንቅለ ተከላ ነው።

«ሪጀክሽን ከመጣ ጉበቱ ሞቷል።» አይደለም! በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሰውነት አዲሱን ጉበት ማጥቃቱ የተለመደ ነው፤ አብዛኛው ለጥቂት ቀናት በደም ሥር በሚሰጥ ከፍተኛ ስቴሮይድ ይመለሳል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፣ የሚያጋልጠው የደም ምርመራ ነው። የሐሞት ቱቦ ሲጠብም የደም ውጤቱ ሊመሳሰል ስለሚችል ነው ባዮፕሲ (ከጉበቱ ቅንጣት ወስዶ መመርመር) የሚያዝዙት።

«የወንድሙ ጉበት ስለሆነ ሰውነቱ ይቀበለዋል።» ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ካልሆኑ በቀር ወንድምም ቢሆን ሰውነት ጉበቱን እንዳያጠቃ የሚሰጠው መድኃኒት አይቀርም። እንዲያውም ከሕያው ለጋሽ የሚወሰደው የጉበቱ ክፋይ ስለሆነና ቱቦዎቹ ስለሚቀጥኑ የሐሞት መፍሰስና የቱቦ መጥበብ በዚህ ዓይነቱ ይበዛል። መጥበቡ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ሰውነት ያሳክካል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ቤተሰብ «የወፍ በሽታው ተመለሰበት» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፣ በብዙዎች ላይ ግን በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ገብቶ ቱቦውን ማስፋት ይቻላል።

«ትንሽ ትኩሳት ነው፣ ፓራሲታሞል ይዋጥና ይተኛ።» 38 ዲግሪ ከደረሰ የሚደወለው ለሐኪም ነው፣ ሌሊትም ቢሆን። የሰውነት መከላከያው ሆን ተብሎ ዝቅ ተደርጓል። ስቴሮይድ ትኩሳትን ስለሚደብቅ ትንሽ የምትመስለው ትንሽ ላትሆን ትችላለች። ክትፎና ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተትም ይቅር። ስለ ጸበል ደግሞ ሐኪሙን ሳያፍሩ መጠየቅ ነው፤ ችግሩ እምነቱ ሳይሆን ያልፈላ ውኃና ያልሻረ ቁስል ነው።

«እጁን የሚያንቀጠቅጠው መድኃኒቱ ነው፣ ያቁመው።» እውነት ነው፣ ሰውነት ጉበቱን እንዳያጠቃ የሚዋጠው ታክሮሊመስ ያንቀጠቅጣል፣ ስኳርና ደም ግፊትም ከፍ ያደርጋል። መፍትሔው ግን ሐኪሙ መጠኑን ማስተካከሉ እንጂ በራስ ማቆም አይደለም። የመድኃኒቱ መጠን በደም በሚለካበት ቀን ጠዋት ደግሞ ደም ሳይሰጡ መዋጥ ውጤቱን ያበላሸዋል።

ይህ መድኃኒት ከብዙ ሌሎች መድኃኒቶች ጋር አይስማማም። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን በደም ውስጥ ያለውን መጠኑን በጣም ያወርደዋል፣ ክላሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክና ፍሉኮናዞል የሚባለው የፈንገስ መድኃኒት ደግሞ ይሰቅሉታል። ለሳል ብሎ ክሊኒክ የገባ ሰው ንቅለ ተከላ እንዳደረገ ካልተናገረ ሁለቱም ሊደርሱበት ይችላሉ። የአገር ቤት ቅጠላ ቅጠልም እንዲሁ፤ ማን ለክቶት ያውቃል?

«አሁን ደህና ስለሆነ ቶሎ ይመለስ።» ትኬት ከመቆረጡ በፊት ታክሮሊመስ እዚህ አገር ቤት የት እንደሚለካ፣ ውጤቱንም በየትኛው ስልክ ለየትኛው ሐኪም እንደምትልኩ እወቁ። መድኃኒቱም ቢያንስ እስከሚቀጥለው ግዢ ድረስ በእጅ መያዝ አለበት።