የለም የሚባለው ጉዳይ፦ የወሲብና የሥነ ተዋልዶ ጤና በእስር ቤት

በዓለም ላይ በማንኛውም ቀን ከ11 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው እስር ቤት ውስጥ አለ። አብዛኛው ወጣት ወይም ጎልማሳ ነው። ልጅ የሚወለድበት፣ ትዳር የሚያዝበት፣ የአባላዘር በሽታም አብዝቶ የሚይዝበት እድሜ ማለት ነው። ስለ እስረኛ ጤና ሲወራ ግን ቲቢ ይነሳል፣ እከክ ይነሳል፣ ጥርስ ይነሳል። ወሲብና ወሊድ ጋ ሲደረስ ሁሉም ጉሮሮውን ይጠራርጋል።

ጉዳዩ ሰፊ ነው። ኤች አይ ቪን፣ ቂጥኝን፣ ጨብጥንና ሄፓታይተስ ቢን (የጉበት ቫይረስ) መመርመርና ማከም አንዱ ክፍል ብቻ ነው። የወር አበባ፣ እርግዝና፣ ወሊድ፣ ጡት ማጥባት፣ የእርግዝና መከላከያ፣ የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ፣ ከወሲባዊ ጥቃት መጠበቅ፣ ከትዳር ጓደኛ ጋር መገናኘትና ልጅ መውለድ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወረቀት ላይ ያለው

በደንብ በኩል ዓለም ድሃ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2010 ስለ ሴት እስረኞች የሚናገሩትን 70 የባንኮክ ደንቦች አጸደቀ። በ2015 ደግሞ 122ቱ የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች የ1955ቱን አሮጌ ደንብ ተኩ። ከማንዴላ ደንቦች ውስጥ ደንብ 24 ለዚህ ርእስ ዋናው ነው። እስረኛ ውጭ ያለው ሕዝብ ከሚያገኘው የማያንስ ሕክምና፣ ያውም በነጻ፣ ማግኘት አለበት ይላል። ፍርድ ቤት የፈረደው ነጻነትን ማጣት ነው። ያልታከመ ቂጥኝ የፍርዱ አካል አይደለም።

ደንቦቹ ዝርዝር ውስጥም ይገባሉ። ሴት ምጥ ላይ ሳለች፣ ስትወልድና እንደወለደች በካቴና አትታሰርም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለብቻ ክፍል ውስጥ በቅጣት አትዘጋም። የተቻለ እንደሆነ ልጁ ከእስር ቤት ውጭ ባለ ሆስፒታል ይወለዳል። እስር ቤት ከተወለደም የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ያ አይጻፍም። ስለ ሥነ ተዋልዶ ታሪኳ ላለመናገርም መብት አላት።

ችግሩ ደንቦቹ አስገዳጅ ስምምነት አለመሆናቸው ነው። የጣሰ አገር ይወቀስ ይሆናል እንጂ አይቀጣም።

ኮንዶምና «እኛ ጋ እንዲህ ዓይነት ነገር የለም»

ከሁሉም በላይ የሚያከራክረው ኮንዶም ነው። ብዙ አገሮች ውስጥ የእስር ቤት አስተዳደር የሚሰጠው መልስ ተመሳሳይ ነው፦ እኛ ጋ ወሲብ የተከለከለ ነው፣ ስለዚህ የለም፣ ስለዚህ ኮንዶም አያስፈልግም። የተከለከለ ሁሉ የማይደረግ ቢሆን ኖሮ እስር ቤት ራሱ ባላስፈለገ ነበር።

እውነታው ብዙ መልክ አለው። በፍቅር ወይም በስምምነት የሚሆን አለ። ለሲጋራ፣ ለምግብ፣ ለመኝታ ቦታ ወይም ጉልበተኛ እንዲከላከልለት ብሎ የሚገባበት አለ። በግድ የሚፈጸምም አለ። ሁለተኛውን ከሦስተኛው መለየት አንዳንዴ ይከብዳል። እዳ ውስጥ የገባ ወጣት «እሺ» ቢል፣ ያንን እሺታ ስምምነት ለማለት አፍ ያዝ ያደርጋል።

በ1993 የዓለም ጤና ድርጅት ኮንዶም ለእስረኞች እንዲቀርብ መክሯል። በ2013 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ያወጡት የ15 አገልግሎቶች ጥቅልም ኮንዶምን ይጨምራል። ካናዳ በፌዴራል እስር ቤቶቿ በ1992 ጀምራለች። የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ እስረኞች መንግሥትን ከከሰሱ በኋላ በ1996 በማሽን ማደል ጀመረች።

ያኔ የተፈራው ነገር ብዙ ነበር። ወሲብ ይበዛል ተባለ። ኮንዶሙ አደንዛዥ እጽ መደበቂያ ይሆናል ተባለ። በኋላ ተመራማሪዎች ኒው ሳውዝ ዌልስን ኮንዶም ከማይታደልበት ከኩዊንስላንድ ጋር አወዳደሩ። ወሲብ በዝቶ አልተገኘም። ወሲብ የሚፈጽሙት ግን ኮንዶም መጠቀም ችለዋል።

የተቃራኒው ምሳሌ ጃማይካ ናት። በነሐሴ 1997 የእስር ቤቶቹ ኃላፊ ኮንዶም ለጠባቂዎችና ለእስረኞች ይታደል ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ጠባቂዎቹ «ታዲያ እኛንም ከወንድ ጋር የምትተኙ ናችሁ እያላችሁን ነው» ብለው ሥራ ጥለው ወጡ። እስር ቤቶቹ ውስጥ ብጥብጥ ተነሳ። 16 እስረኞች ተገደሉ። ከሟቾቹ መካከል በተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት የተጠረጠሩ እየተፈለጉ የተገደሉ ነበሩ። አሳቡ ጥሩ ነበር፣ መንገዱ ግን አልተጠረገም። ከጠባቂዎቹ ጋር ቀድሞ ሳይነጋገሩ ኮንዶም ይዞ መግባት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ቦታውም ልዩነት አለው። ኮንዶም ሄደህ ከጠባቂ የምትጠይቀው ከሆነ የሚወስድ አይኖርም። መጸዳጃ ቤት ወይም ክሊኒክ ውስጥ፣ ካሜራና ዓይን በማያይበት ጥግ ከተቀመጠ ያልቃል።

ደም የሚያስተላልፋቸውን በሽታዎች እዚህ ላይ መርሳት አይገባም። አንድ ሰው በእስር ቤት ኤች አይ ቪ ወይም የጉበት ቫይረስ የሚይዘው በወሲብ ብቻ አይደለም። በጋራ መርፌ፣ በንቅሳት፣ በጋራ ምላጭም ነው። ከዚያ ወጥቶ ለሚስቱ የሚያስተላልፈው ግን በወሲብ ነው።

ሴቶቹ ጋ

ሴቶች ከዓለም እስረኞች 7 በመቶ ገደማ ናቸው። ቁጥራቸው ከ740,000 ይበልጣል። ከ2000 ወዲህ በ60 በመቶ ገደማ ሲያድግ የወንዶቹ ያደገው በ22 በመቶ ነው። እስር ቤቶቹ ግን የተሠሩት ለወንድ ነው። ግንቡም፣ የዕለት ፕሮግራሙም፣ በጀቱም።

ይህ በግልጽ የሚታየው በወር አበባ ነው። ሞዴስ በቁጥር ይታደላል። ደሟ የሚበዛባት ሴት ድርሻዋን በሁለት ቀን ትጨርሳለች። ከዚያ ጠባቂን መለመን ነው፤ ጠባቂው ወንድ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ሌላው አማራጭ ከሌላ እስረኛ በምግብ መለወጥ ወይም ከፍራሽ ስፖንጅ መቅደድ ነው። የሚሰጥና የሚነፈግ ነገር እስከሆነ ድረስ ሞዴስም መቅጫ ይሆናል። የባንኮክ ደንብ 5 በነጻ ይሰጥ ይላል። አሜሪካ ለፌዴራል እስር ቤቶቿ ይህን በሕግ ያሰፈረችው በ2018 ነው። ሞዴስ ሲገኝም ውሃ፣ ሳሙና፣ የሚዘጋ በርና መጣያ ከሌለ ግማሽ መፍትሔ ነው።

እርግዝና ሌላው ከባድ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ እርጉዝ መሆናቸውን የሚያውቁት ከገቡ በኋላ ነው። ስለዚህ ስትገባ በፈቃዷ የሚደረግ የሽንት ምርመራ ቀላልና ርካሽ ነገር ነው። ቅድመ ወሊድ ክትትሉ ውጭ እንዳለው መሆን አለበት፦ የደም ግፊት፣ የደም ማነስ፣ የቂጥኝ፣ የኤች አይ ቪ ምርመራ፣ አይረንና ፎሊክ አሲድ። ቂጥኝ ጊዜው ሳይረዝም ከተገኘ በአንድ የፔኒሲሊን መርፌ ይታከማል፣ ጽንሱም ይድናል። ኤች አይ ቪ ያለባት እናት ምንም እርዳታ ካላገኘች ለልጇ የማስተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ ከወሰደች ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። እነዚህ ሁሉ የታወቁ ናቸው። የሚጎድለው አጃቢ ጠባቂ፣ መኪና ወይም ፈቃደኝነት ነው። «ዛሬ አጃቢ የለም» ተብሎ የሚሰረዝ የሆስፒታል ቀጠሮ ብዙ ነው።

ሌሊት ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። በ2019 እንግሊዝ ውስጥ አንዲት የ18 ዓመት ወጣት ክፍሏ ውስጥ ምጥ ያዛት። የጥሪ ደወሉን ሁለት ጊዜ ተጭና ነርስ ጠየቀች። ማንም አልመጣም። ብቻዋን ወለደች፣ ሕፃኗም አልተረፈችም። የታወቀው ሲነጋ ነው። በጉዳዩ ላይ ምርመራ ተደርጎ በ2021 ሪፖርት ወጥቷል። ሀብታም አገር ነው፣ ሕግ አለ፣ ደወል አለ። ሰው ግን በሩ ላይ አልደረሰም።

ልጁ ከተወለደ በኋላ የት ይኑር የሚለው ከአገር አገር ይለያያል። እንግሊዝ እስከ 18 ወር፣ ሕንድ እስከ 6 ዓመት ከእናቱ ጋር እንዲቆይ ትፈቅዳለች። ኖርዌይ ሕፃን እስር ቤት እንዲኖር አትፈቅድም፣ እናቲቱን ሌላ ቦታ ማቆየት ይሻላል ባይ ናት። የባንኮክ ደንብ 64ም ለነፍሰ ጡርና ጥገኛ ልጅ ላላት ሴት ከእስር ውጭ የሆነ ቅጣት ይመረጥ ይላል። እኔ በዚህ ከኖርዌይ ጋር ነኝ።

የማህፀን በር ካንሰርም አለ። የታሰሩ ሴቶች ላይ ለካንሰሩ ምክንያት የሚሆነው የኤች ፒ ቪ ቫይረስ ከውጭው በብዛት ይገኛል። ሕይወታቸውን ሙሉ ተመርምረው ለማያውቁ ሴቶች እስሩ ራሱ የመጀመሪያው ዕድል ሊሆን ይችላል። ወር አበባ ማቆም የጀመሩ እድሜያቸው የገፋ ሴቶች ደግሞ የሚያስታውሳቸው የለም።

ጥቃት

በወሲብ ጥቃት ላይ የሚወጣ ቁጥር ከእውነታው ያነሰ ነው፤ የሚናገር ሰው የሚመለሰው ወደዚያው ክፍል ነውና። አሜሪካ በ2003 የእስር ቤት መድፈርን የሚመለከት ሕግ አወጣች። ሕጉን ተከትሎ በ2011 እና 2012 በተደረገ የመንግሥት ጥናት ከመደበኛ እስር ቤት እስረኞች 4 በመቶው ባለፉት 12 ወራት ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ግማሽ የሚሆነው በእስረኛ ሳይሆን በሠራተኛ የተፈጸመ ነው። በጠባቂና በእስረኛ መካከል «በፈቃዷ ነው» የሚባል ነገር በብዙ አገር ሕግ ዋጋ የለውም፤ ቁልፉ በአንዱ እጅ ነውና።

ለተደፈረ ሰው ሰዓት ወሳኝ ነው። ኤች አይ ቪ እንዳይዝ የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ በ5 ቀን ውስጥ ይሠራል፣ በቶሎ ሲሆን ይበልጣል። ሐሙስ ማታ ጥቃት ደርሶ ሐኪሙ የሚመጣው ማክሰኞ ከሆነ ደንቡ ሁሉ ከንቱ ነው።

የመድኃኒት ሰልፍ

ምስጢር መጠበቅ በእስር ቤት ከባድ ነው። ሰልፉን አስቡት። ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ ሠላሳ ሰው ተሰልፏል። ነርሷ በትንሿ መስኮት እየጠራች ክኒን ታድላለች። የትኛው ብልቃጥ የምን እንደሆነ ሰልፉ ላይ ያለው ሁሉ ያውቃል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስደው ሰው እስከ ማታ ድረስ ወሬው ዞሮ ይጠብቀዋል። ሳህኑን የሚነካለት ያጣል፣ ከመኝታ ቦታውም ይገፋል። ብዙዎች መድኃኒት የሚያቆሙት ለዚህ ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም፦ የወሩን ለራሱ መስጠት፣ ወይም ሁሉንም መድኃኒት በተመሳሳይ ማሸጊያ ማደል። ምርመራም እንዲሁ ነው። ለሚገባ እስረኛ ሁሉ ሲቀርብና አልፈልግም ማለት ሲቻል ተመርማሪው ተለይቶ አይታይም።

ሐኪሙ የማን ሠራተኛ ነው የሚለውም ለውጥ ያመጣል። ኖርዌይ በ1988፣ ፈረንሳይ በ1994 የእስረኞችን ሕክምና ከእስር ቤት አስተዳደር ወደ ጤና መሥሪያ ቤት አዛውረዋል። ደመወዙን ወህኒ የማይከፍለው ሐኪም «ይህች ሴት በካቴና አትወልድም» ለማለት ይቀለዋል።

መውለድና መከልከል

ታሳሪ ልጅ የመውለድ መብት አለው? የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት በ2007 በዲክሰን ባልና ሚስት ጉዳይ ላይ ፈርዷል። ባልየው በነፍስ ግድያ የዕድሜ ልክ እስረኛ ነበር። እስኪፈታ ቢጠበቅ ሚስቱ የመውለጃ እድሜዋ ያልፋል። በሕክምና በሚረዳ ማዳቀል መውለድ እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ፣ የእንግሊዝ መንግሥት ከለከለ። ፍርድ ቤቱ የጥንዶቹ መብት ተጥሷል አለ። የትዳር ጓደኛ በግል ክፍል የሚጎበኝበት አሠራርም እንደ ብራዚል፣ ሜክሲኮ፣ ስፔንና ካናዳ ባሉ አገሮች አለ። የባንኮክ ደንቦች የጨመሩት ቁም ነገር ቢኖር ለወንድ ከተፈቀደ ለሴትም በእኩል ይፈቀድ የሚለው ነው።

ሌላው ጫፍ ያለ ፈቃድ ማምከን ነው። የካሊፎርኒያ ኦዲተር በ2014 ባወጣው ሪፖርት ከ2005 ወዲህ ባሉት ስምንት ዓመታት 144 ሴት እስረኞች ማህፀናቸው እንዲቋጠር ተደርጓል። ከእነዚህ የ39ኙ ፈቃድ በአግባቡ አልተወሰደም። በዚያው ዓመት እንዲህ ያለው አሠራር በሕግ ተከለከለ፣ በ2021 ደግሞ የካሣ ሕግ ወጣ። ምጥ ላይ ያለችን እስረኛ «ይህን ብታደርጊ ይሻልሻል» ማለት ምክር መሆኑ ያበቃል። የእርግዝና መከላከያ በክንድ የሚቀበረውም ሆነ ሉፕ ሲቀርብ እንዲሁ ነው፤ ሲፈልጉ ማስወጣት ካልተቻለ አገልግሎት አይባልም።

መውጫው

አብዛኛው እስረኛ ይወጣል። ብዙው ያውም ከወራት በኋላ ነው። ሕክምናው በሩ ላይ የሚቆም ከሆነ ልፋቱ የውሃ ሽታ ይሆናል። ስለዚህ ሲወጣ ቢያንስ የአንድ ወር የኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ ኮንዶም፣ የፈለገች ሴት የእርግዝና መከላከያ፣ ቤቱ አጠገብ ላለው ጤና ጣቢያ የሚሰጥ ደብዳቤ ይያዝ። ደብዳቤው ላይ የእስር ቤቱ ማኅተም ባይኖር ይመረጣል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በፈጣኑ መርሐ ግብር በ0፣ በ7 እና በ21 ቀን ይሰጣል፣ አራተኛው በ12 ወር። ሦስቱን እስር ቤት ይጨርሳል። አራተኛው የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከተፈታ በኋላ ስለሆነ፣ የክትባት ካርዱ ከማኅደሩ ጋር ተቆልፎ ከሚቀር በእጁ ይሰጠው።